የባዝራዋ ክስ

ሟቹ በልምምድ ሜዳው ጠርዝ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። የግልቢያ ቆቡ ክንድ ያህል ርቆ ተጥሏል፤ ማሰሪያው አልተቆለፈም። መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ አየችውና ወደ ጋጣው ሄደች።

እዚያ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ ቆሟል። የግልቢያ ትምህርት ቤቱን ጌታ ጥላ ገድላለች የተባለችው ባዝራ ከቀትር በፊት እንድትወገድ የሟች ሚስት አዝዛለች፤ ምክሩ የአሰልጣኙ ነው። ከውርንጭላነቷ ያሳደጋት ሽማግሌ ባልደራስ ግን በሩን በደረቱ ዘግቶ አላሳልፍም ብሏል። ኮርቻዋን እንኳ አላወረደም። ሁለቱ እርካቦች በጠፍራቸው ላይ ወደ ላይ ተሰብስበው ከኮርቻው ሥር ተለጥፈዋል።

«ጋሼ፣ ስትመለስ ማን ነካት?»

«ማንም። ብቻዋን መጣች። የፈረሶቹን ሰኮና ሊያይ የመጣው ሐኪም ልጓሟን ያዘ፣ እኔ በሩን ዘጋሁ። እሱን ጠይቂው ልጄ።»

ሐኪሙም እንዲሁ አለ።

አሰልጣኙ ሜዳሊያ በተደረደረበት የሃያ ዓመት ቢሮው ተቀምጦ ተቀበላት፤ ለመነሳት እንኳ አልሞከረም። ከኋላው የተሰነጣጠቁ የኮርቻ ጠፍሮች ተንጠልጥለዋል፤ በላያቸው ‹ስትወርዱ እርካብ ሰብስቡ› የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

«እህቴ፣ ፈረስ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ምን ብዬ ላስረዳሽ?»

ቢሆንም አስረዳት። ሟቹ ሲጋልብ በዓይኑ አይቷል፤ ባዝራዋ በርግጋ አሽቀንጥራ ጣለችው። ሰውየው ቆብ ማሰር ይንቅ ነበር አለ። መርማሪዋ አንድ ሰው ፈረስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ እንዲነግራት አንቱ እያለች ለመነችው። ጣቶቹን እያጠፈ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረላት።

«መጀመሪያ ቆብ ይታሰራል። ከዚያ የሆድ ጠፍር እንደገና ይጠብቃል። ከዚያ እርካብ ይወርዳል። ከዚያ ይወጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።»

የሟች ሚስት ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ወንበር እንዳይጎድልበት ስትጨነቅ ተገኘች። በመሐሉ ግን ባሏ ቆቡን ሳያስር ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ተናገረች። ትናንት አንዲት ተማሪ የበሰበሰ ጠፍር ተበጥሶባት ወድቃ ክንዷን ሰብራለች። ጠፍሮቹን አይቻለሁ ብሎ በየወሩ የሚፈርመው አሰልጣኙ ነው። ባሏ ዛሬ ራሱ ሊያያቸውና ሰውየውን ሊያባርር ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችው የወንበሮቹን ቁጥር በወረቀት እየጻፈች ነው።

መርማሪዋ ሁሉንም ጋጣው ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ከጎን ቆሙ።

«ሟቹ ቆቡን አላሰረም» አለች። «ሚስቱ እንደምትለው ሳያስር አይወጣም። ስለዚህ ሲመታ ገና ሊያስር ነበር። ይህ ጥርጣሬ ብቻ ነው። አሁን እርካቦቹን እዩ።»

ሁሉም አዩ። የአሰልጣኙ ፊት አመድ መሰለ።

«ባልደራሱ ሰብስቧቸው ይሆናላ» አለ።

«የሰበሰብኩት ጠዋት ጭኜ ለጌታዬ ሳስረክባት ነው፤ የሚወርዱት ሰው ሊወጣ ሲል ብቻ ነው» አለ ባልደራሱ።

«ልጓሟን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሐኪሙ። «ስትደርስም እንዲሁ ነበሩ።»

«እንግዲህ ሟቹ ባዝራዋ ላይ አልወጣም» አለች መርማሪዋ። «ያልወጣ ሰው አይወድቅም። ሲጋልብ አየሁ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።» ወደ አሰልጣኙ ዞረች፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ። «ከኋላው መታኸው፣ ባዝራዋን አባረርካት፣ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጫንክ። እርካቡን ግን አላወረድክም። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹እርካብ ሰብስቡ› እያልክ ስትጮህ ኖረሃል፤ ተሰብስቦ ሲገኝ ዓይንህ ምን ሊያይ? አንተ የምታየው የሰው ጥፋት ነው።»

«ፈረስ የማታውቅ ሴት...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ መርፌውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

«ከሰዓት ተማሪዎች ይመጣሉ» አለች የሟች ሚስት። «ማን ያስጋልባቸዋል?»

ባልደራሱ የባዝራዋን የሆድ ጠፍር እየፈታ ነበር። ዞር ብሎ አላያትም።

«ዛሬ ማንም አይጋልብም» አለ። «መጀመሪያ እነዚያ ጠፍሮች ይቃጠላሉ።»

በዚያ ግቢ ትእዛዝ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቤት ገባች።