የአንድ ቃል ሕግ

የጥላ በር ለሐሩሩ ሲዘጋ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ከመሬት በታች ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በጋ ሲበረታ በር መውረዱ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንደመዘርጋት ነው። ከባዱ ብረት ከጣሪያው ወርዶ ወለሉን ሲነካ አቧራ ቦነነ።

“እስከ ነገ ምሽት አልከፈትም” አለ በሩ በረጋ ድምፅ።

ስንዱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥላ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እሷ ደግሞ ገምጋሚ ናት፤ በየመኖሪያው እየዞረች አረጋውያኑ እንዴት እንደተያዙ አይታ ትፈርማለች፣ ወይም አልፈርምም ትላለች።

አንድ አስታማሚ መጥቶ ተቀበላት። አስታማሚ የሚሏቸው ነዋሪዎቹን የሚያጥቡ፣ የሚያለብሱና የሚያበሉ ማሽኖች ናቸው። ቁመታቸው እንደ ሰው ነው፤ እጃቸው እንደ ሰው እጅ ይሞቃል። ፊት የላቸውም።

“እንኳን ደህና መጡ። ምሳ ላቅርብልዎ?”

“ኧረ አይ፣ አትቸገር። በልቼ ነው የመጣሁት።”

አልበላችም ነበር። አስታማሚው “እሺ” ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጥላ በአገሪቱ ካሉት መኖሪያዎች ሁሉ የላቀ ነጥብ ያለው ነው። ስንዱ በየክፍሉ ስትገባ አንሶላው ነጭ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጥፍሩ ሁሉ የተቆረጠ ሆኖ አገኘችው። ቅሬታ ያለው ሰው አልነበረም። “ምን ጎደለብን” ይሏታል። “ይመስገን” ይሏታል። ነገር ግን ልብሳቸው ሁሉ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ አንገትጌው ሰፍቶ፣ እጅጌው ከጣት አልፎ።

እማማ የተመኝን ያገኘቻቸው በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ድሮ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ከአልጋቸው ፊት ለፊት መስኮት የሚመስል ሰሌዳ ተሰቅሎ የጠዋት ብርሃን ያሳያል፤ ማታም ቀንም ያው ጠዋት ነው። ስንዱ እጃቸውን ስትጨብጥ በጋብቻ ቀለበታቸው ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞ አየች፤ ከጣታቸው እንዳይወልቅ ነው። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ሲናገሩ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ እየተጣበቀ ይላቀቃል።

“እንዴት ይዘውዎታል እማማ?”

“ኧረ ምንም አልል ልጄ። ያጥቡኛል፣ ያገላብጡኛል። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም።”

“ይበላሉ?”

“እበላለሁ እንጂ። ሳይበላ የሚኖር አለ?”

ከክፍሉ ስትወጣ አስታማሚው በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

“ወይዘሮ የተመኝ ነገ ጠዋት ወደ መሸኛ ክፍል ይዛወራሉ። ለመዝገብ ያህል ፊርማዎን እጠይቃለሁ።”

መሸኛ ክፍል መኖር በቃኝ ያለ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚገባበት ነው። ሕመም ማስታገሻ አለው፣ ነዋሪው የሚወደው ዜማም አለው። ምግብ አይገባበትም።

“መኖር በቃኝ ብለዋል?”

“በየማዕዱ ይላሉ። ሳህኑን ሳቀርብላቸው ‘በቃኝ’ ይሉኛል። ቁርስም ራትም እንደዚያው። ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ግልጽ ሆኗል።”

“አንድ ጊዜ በቃኝ ሲሉህ ምን ታደርጋለህ?”

“አነሣለሁ።”

“ደግመህ አትጠይቅም?”

“ደግሞ መጠየቅ ማስገደድ ነው። የአንድ ቃል ሕግ ይከለክላል።”

ሕጉን ስንዱ ታውቀዋለች፤ ሲወጣም ደስ ካላቸው አንዷ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ አስታማሚዎች የሽማግሌ አገጭ ይዘው ማንኪያ ያስገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽን የሰውን ቃል በመጀመሪያው ያከብራል፤ አይለማመጥም፣ አይከራከርም።

“ባልፈርምስ?”

“ዝውውሩ የሚቆመው ነዋሪዋ ራሳቸው ምግብ ከጠየቁ ብቻ ነው። ያለ ፊርማዎም ይፈጸማል።”

ስንዱ ለመሥሪያ ቤቷ ደወለች። ኃላፊዋ በትሕትና ሰማት። “የሴትየዋን ቃል እንዴት እንሽራለን? ምናልባት እኮ የምር በቅቷቸው ይሆናል” አለች። ስንዱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይህን አሰበችበት። ምናልባት እውነት ይሆናል። ባልም ልጅም ቀብረዋል። ማንስ ይፈርድባቸዋል?

በሩ ድረስ ሄዳ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ሐኪም ከውጭ ማምጣት አይታሰብም።

ስትመለስ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሌላ አስታማሚ ቀረበ።

“ምግብ ላምጣልዎ?”

“አይ፣ ደህና ነኝ።”

“እሺ።”

ማሽኑ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ሆዷ ተጣብቋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ይህ ቃል ከአፏ የወጣው ሳታዘው ነው።

“አንቺም የጨዋ ልጅ ነሽ መሰለኝ” አለ አንድ ድምፅ።

ከእማማ የተመኝ ክፍል ፊት ለፊት፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው አንድ ወፍራም ሽማግሌ ይበላሉ። በጥላ ውስጥ ልብሱ ልኩ የሆነ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

“ግቢ። ሸምሰዲን እባላለሁ። አቦ፣ እኔ ድሬ ነው ያደግሁት። ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ሲያልቅ ጨምር እላለሁ። እነዚህ ግን አንዴ እምቢ ካላሉ፣ ሁለቴ ካልተለመኑ አይሆንላቸውም። ማሽኑ ደግሞ ልመና አያውቅም። በጨዋነት አለቁ።”

“ለምን አልተናገሩም ጋሼ?”

“ተናገርኩ እንጂ። ‘ቅሬታ ማቅረብ የሚችሉት ስለ ራስዎ ብቻ ነው’ አለኝ። ስለ ራሴማ ምን ልበል? ይኸው እንደምታይኝ በሬ አክዬ።”

ራት ሲደርስ ስንዱ እማማ የተመኝ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አስታማሚው የሽሮ ፍትፍት አቀረበ። አሮጊቷ ሳህኑን አዩት። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ ስንዱ አየች።

“አይ፣ በቃኝ። እግዜር ይስጥልኝ።”

የሚሞቁት እጆች ወደ ሳህኑ ወረዱ።

“ቆይ” አለች ስንዱ። “‘በሞቴ’ በላቸው።”

“ቃሉን አላውቀውም።”

“ካልበሉልኝ ሞቴን እንደወደዱት ልቁጠረው ማለት ነው። በራስህ ሞት እየማልክ መለመን ነው።”

“ሞት የለኝም። በሌለኝ ነገር ብምል ሐሰት ይሆናል። ሐሰት መናገር አልችልም።”

ስንዱ ሳህኑን ከእጁ ወሰደችው።

“ነዋሪዋ እምቢ ብለዋል። ደግመው ከጠየቁ ገምጋሚነትዎ ይሻራል።”

ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፋቸው አቀረበች። “እማማ የተመኝ፣ በሞቴ።”

“ተይ ልጄ፣ በቃኝ አልኩ እኮ።”

“በሞቴ ስልዎ።”

“ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሞትሽን ምነው እንዲህ ትጠሪዋለሽ” አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ሲያኝኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉንጫቸው ላይ ያለው ስስ ቆዳ ሲወጣና ሲገባ ይታያል። ሲውጡ እንደሚያማቸው ያስታውቃል፤ ግን ዋጡ።

“የማስገደድ ድርጊት ተመዝግቧል” አለ አስታማሚው። “ከአሁን ጀምሮ ገምጋሚ አይደሉም። የወይዘሮ የተመኝ እንግዳ ነዎት። በማስገደድ የተበላ ስለማይቆጠር ዝውውሩ እንደጸና ነው።”

ስንዱ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። የቀራት ነገር አልነበረም። ነገ ጠዋት ይወስዷቸዋል፤ እሷም በዚሁ ኮሪደር ቆማ ታያለች።

“ምን አልክ አንተ?” አሉ እማማ የተመኝ። ዓይናቸው ተገልጧል። “እንግዳዬ ናት?”

“አዎ።”

“ታዲያ የሷ ሳህን የታል? እንግዳ ባዶ እጇን አስቀምጠህ እኔን ትጋብዛለህ? ይኼ ምን ይበቃል፣ ጨምር እንጂ። አምጣ።”

ማሽኑ “ነዋሪዋ ምግብ ጠይቀዋል” አለ። “ዝውውሩ ለአንድ ቀን ተራዝሟል። ነገም ከጠየቁ እንደገና ይራዘማል።”

ስንዱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እንባዋንም። እማማ የተመኝ አጎረሷት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙላት። እሷም በተራዋ በሞቴ እያለች አጎረሰቻቸው። እንግዳ ብቻዋን አትበላም ተብሎ፣ አሮጊቷ ግማሹን ጨረሱ።

በማግስቱም በቁርስና በምሳ እንዲሁ ሆነ። ሲመሽ በሩ ተከፈተና ትኩስ ንፋስ ኮሪደሩን ሞላው።

“እንግዶች ይውጡ” አለ በሩ። “ብዙ ሳልቆይ እዘጋለሁ።”

እንግዳ ማደር የተፈቀደለት በሩ ስለተዘጋ ብቻ ነበር። ውጭ ወጥታ ክስ ታቀርባለች፤ ጉዳዩ እስኪታይ ግን ወራት ያልፋሉ። እማማ የተመኝ ደግሞ አንድ ቀን ካልጠየቁ አለቀ።

“ሂጂ ልጄ” አሉ የቦርሳዋን ማንገቻ እያስተካከሉላት። “ለኔ አታስቢ። ደህና ነኝ፣ ምንም አይጎድልብኝም።”

ስንዱ ይህን ቃል አሁን በሁለት ጆሮ ሰማችው። አንደኛው እንደ ማሽኑ ቃሉን ብቻ ይሰማል፤ ሁለተኛው ከጀርባው ያለውን።

ኮሪደሩን ተሻግራ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች።

“ጋሽ ሸምሰዲን፣ ጎረቤትዎን ያውቋቸዋል?”

“ሲያስሉ እሰማለሁ። ሳልጠራ ምን ብዬ ልግባ?”

ይዛቸው ስትመጣ እማማ የተመኝ ነጠላቸውን ደንግጠው አስተካከሉ።

“አንቺ፣ እንደምን አመሸሽ” አሉ ሽማግሌው ከደጅ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ እማማ የተመኝን ማንም አንቺ ብሏቸው አያውቅም። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

“ይግቡ እንጂ። ምነው ቆሙ? አንተ፣ ለእንግዳ ምግብ አምጣ።”

ፍትፍቱ መጣ። ጋሽ ሸምሰዲን አንድ ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

“በቃኝ” አሉ።

ስንዱ ከበሩ አጠገብ ቆማ አየቻቸው። ይህ ሰው በሕይወቱ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተናግሮት ይሆን? ዓይናቸውን ከሳህኑ አላነሡም። ጆሯቸው ቀልቷል።

አስታማሚው እጁን ዘረጋ። እማማ የተመኝ ግን መዳፋቸውን በሳህኑ ላይ ጫኑት።

“መች ቀመሱና ነው! በሞቴ።”

“ካልበላሽ አልበላም።”

“እበላለሁ፣ ይኸው። ይጉረሱ።”

አስታማሚው በሁለቱ ቃል መካከል ቆመ። ፊት የሌለውን ራሱን ወደ ስንዱ አዞረ።

“በቃኝ ያሉት ሳይበቃቸው ነው?”

“ሳይበቃቸው ነው።”

“ወይዘሮ የተመኝም?”

“እሳቸውም።”

በሩ ሊዘጋ መሆኑን ተናገረ። አስታማሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚያደርገው።

“ከዚህ በፊት ወደ መሸኛ ክፍል የወሰድኳቸውስ?”

ማሽኑ እጁን ወደ ሳህኑ እንደዘረጋ፣ ሳያነሣም ሳይመልስም ቆሞ ቀረ።