ቁጥሩ እስኪሞላ

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ሣህሉ በወባ ትኩሳት ተኝቶ ከጣውላ ግድግዳ ማዶ የሰማት ንግግር ነበረች። ሙሉዋን አያስታውሳትም። የሚያስታውሰው የክርስትና አባቱን የአባባ ድልነሳሁን ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ የሚለምን ሰው ድምፅ። «ዛሬ አይሆንም። ልጁ ታሟል፤ ለዛሬ ተዉልኝ» ሲሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ የተባለውን ትኩሳቱ በላው። ሌላው ወገን ምን እንደመለሰም አልሰማም፤ በአባባ ቃልና ቃል መካከል የጣሪያ ጠፈጠፍ ቆርቆሮ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብቻ ነበር። የማዕድኑ ሹማምንት በሽተኛውን ከአልጋ አስነስተው ወደ ጉድጓድ ሊሰዱት መጥተው አባባ በር ላይ ቆመው እንደመለሱለት ገባው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲጸልይ ከወላጅ አባቱ ስም አስቀድሞ የሚጠራው የእሳቸውን ነው።

ትኩሳቱ ለቆት ሲነቃ፣ የጥምቀት ማግስት ነበር፣ የሰንበሌጥ አምባ ወርቅ ማውጫ የከርሰ ምድር ውሃ ሰብሮ ገብቶበት ተዘግቷል። በአንድ ፈረቃ አብረውት የሚሠሩት ስድስት ሰዎችም የሉም። የፈረቃው አለቃ አባባ ነበሩና ሽማግሌ ፊት ቀርበው ማሉ፤ ውሃው ሲገባ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አልነበረም፣ ስድስቱ ወርቅ ይዘው ድንበር ተሻግረዋል አሉ። ሚስቶቻቸው ለቅሶ አልተቀመጡ፣ ተዝካር አላወጡ፤ የሌባ ሚስት እየተባሉ አረጁ። ሣህሉም አመነ። ከስድስቱ አንዱ ልሳኑ የልብ ጓደኛው ነበር፤ ሳይሰናበተው መሄዱ ለዓመታት እንደ እሾህ ወጋው።

አሁን ምድሩ ሌላ ሆኗል። ተቆፍሮ የቀረው ገደል ውሃ ሞልቶ ሦስት ሐይቅ ወጥቶታል፤ የአፈሩ ቁልል ላይ የተተከለው ጽድ ጫካ ሆኗል፤ ምንም አይበቅልበትም የተባለውን ዳገት ደግሞ አስታ አልብሶታል። በመካከላቸው ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ይዞራል፤ የፊታችን ቅዳሜ ብስክሌተኞች መጥተው ይመርቁታል። ሣህሉ በየቀኑ ጎማው ወፍራም በሆነ ብስክሌት መንገዱን ይዞራል፤ እየቆመም መሬት ውስጥ በተተከሉት ስድስት የብረት ቱቦዎች ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ረጅም ሜትር እየሰደደ ያዳምጣል። ክብደቱ ውሃ ሲነካ ጧ ይላል፤ ጥልቀቱን ይጽፍና ይሄዳል። ሥራውን ያገኙለት አባባ ናቸው። «አንተ የምታዳምጥ ሰው ነህ» ብለውት ነበር። ያን ዕለት የድሮ የቁጥር ቆርቆሮውን ከኪሳቸው አውጥተው በገዛ እጃቸው መሪው ላይ አሰሩለት።

ቆርቆሮው ላይ ሰባት ቁጥር ተመቷል። በማዕድኑ ጊዜ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲወርድ ቁጥሩን አፋፉ ላይ ካለው ሰሌዳ ይሰቅላል። ፈረቃው ሲያበቃ ከታች ያሉት ወደ ላይ የሚወጣውን የአየር ቱቦ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ በመዶሻ ይመታሉ፤ አለቃው ከላይ ሆኖ ምቱን ቆጥሮ ከሰሌዳው ጋር ካመሳከረ በኋላ ነው ሰዎቹን የሚያወጣው ባልዲ የሚሳበው። ቁጥር ካልሞላ ባልዲው አይነሳም። ማንም ተረስቶ እንዳይቀር የወጣ ሕግ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሣህሉ በልቡ ዳዊት እየደገመ፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ቆሎ እየተንኳኳ፣ ቆርቆሮው መሪው ላይ እየተቅጨለጨለ አስታው መሐል ያለው ስድስተኛው ቱቦ ዘንድ ደረሰ። ሜትሩን ሰደደ። ሠላሳ ሜትር፣ አርባ ሜትር፤ የለመደውን ጧ አልሰማም። ይልቅ ክብደቱ ቀስ ብሎ ቆመ፤ ስኒ የሚቀበል ሰው ከእጅህ ላይ ቀለል እንደሚያደርግልህ ያለ አቋቋም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ተለቀቀ። ከቱቦው አፍ የወጣው ሽታ የውሃ አልነበረም፤ የረጠበ ገመድና የላብ ሽታ ነበር።

ማክሰኞ አራተኛው ቱቦ ዘንድ፣ ወፍ በማይጮህበት የጽድ ጫካ ውስጥ፣ ብረት ብረትን ሲመታ ከሩቅ ሰማ። ስድስት ጊዜ። ከዚያ ዝም። ዝምታው ያለቀ ነገር ዝምታ አልነበረም፤ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነበር። ሲነዳ ድምፁ ከጠጠሩ ሥር አብሮት ሄደ፤ ሲቆም ቆመ። ረቡዕ በሁሉም ቱቦ ሰማው፤ ሜትሩን ሲስበው መጨረሻው ሜትር ላይ ቀይ ጭቃ ተለድፎበታል፤ ጭቃው ላይ የአራት ጣት አሻራ፣ በወዲያኛው በኩል የአውራ ጣት።

ከአስታው ዳገት ሥር የልሳኑን ሚስት፣ እትዬ የሻረግን፣ የመጥረጊያ አስታ ስትቆርጥ አገኛት። ሁልጊዜ ትቀልድበታለች፤ ያን ዕለትም ጀመረችው።

«ሽበታም በብስክሌት! በቅሎ አጥተህ ነው?» አለችው። ፊቱን ስታይ ግን ማጭዷን አወረደች። «ምን ሰማህ?»

እንጃ አላት።

«ልሳኑ ሌባ አልነበረም» አለች፣ ወደ ሐይቁ እያየች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ነጠላዬን አላዘቀዘቅኩለትም። የሰማኸውን እወቀውና ንገረኝ። እንደ ሰው ላልቅስለት።»

ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ቤት ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እያነሰ መጥቷል፤ እጃቸው ግን አሁንም የአለቃ እጅ ነው። ጭቃውን ሲነግራቸው አልደነገጡም። ስንት ምት እንደሆነ ብቻ ሁለት ጊዜ ጠየቁት።

«ስድስት» አላቸው።

«ያን ጊዜም ስድስት ነበር» አሉ። «ታመህ ቀርተሃል ተብለህ እንዳትባረር ጠዋት ቆርቆሮህን እኔ ሰቀልኩልህ። ፈረቃው ሲያበቃ የሰቀልኩትን ረስቼዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ሰባት ነው፤ እነሱ ስድስት መቱ። ሰባተኛውን ጠበቅሁ። ደጋግመው መቱ፤ እኔም ጠበቅሁ። ውሃው ቀደመኝ።»

ሣህሉ የአባባን ስም በጸሎት ያስቀደመባቸው ጠዋቶች፣ ልሳኑን ያማበት፣ እትዬ የሻረግ ጠበል ጠዲቅ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ እሱም ፊቱን ያዞረበት ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። አልጮኸም። ይህንኑ ለሴቶቹ በሽማግሌ ፊት እንዲናገሩ ብቻ ለመናቸው። እናገራለሁ አሉ፤ አስቀድሜ ግን ከታች ላሉት ልናገር፣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ውሰደኝ አሉት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሣህሉ ብስክሌቱን እየገፋ፣ አባባ ኮርቻውን ይዘው እየተከተሉ ዳገቱን ወጡ። ጉም ከሐይቁ ተነስቶ አስታውን እየዋጠው መጣ፤ መንገዱ ላይ የገዛ ጎማቸው ድምፅ እንኳ ከሌላ ቦታ የሚመጣ መሰለ። የጉድጓዱ አፍ በወፍራም ጣውላ ተከድኗል፤ መሐሉ ላይ ያ የድሮው የአየር ቱቦ በክንድ ልክ ቆሟል። በጣውላው ዳር፣ ጥቁሩ አፈር ላይ፣ ነጭ አዲስ ሰጋቱራ ተበትኗል። ለቅዳሜ እንግዶች የሚጠግኑት ነገር ይኖራል ብሎ አለፈው።

«ጆሮህን ቱቦው ላይ አድርግ» አሉት አባባ፣ ከአፋፉ ሳይሻገሩ፣ በበትራቸው እያመለከቱ። «ሲሰሙኝ ትነግረኛለህ።»

ብስክሌቱን አስታው ላይ አስደገፈና ጣውላው ላይ ወጥቶ በደረቱ ተኛ። እንጨቱ ከሥሩ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ብረቱ ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ሰው ሲይዘው እንደቆየ እጀታ ለብ ያለ ነበር። ከታች፣ አሁን ቅርብ፣ ስድስት ጊዜ ተመታ። ነፋስ ሳይኖር መሪው ላይ ያለው ቆርቆሮ ተቅጨለጨለ።

«ሰምተዋል» አላቸው።

አባባ ከአፋፉ ሆነው ወደ ቱቦው አጎነበሱና መናገር ጀመሩ። ከእሱ ጋር አልነበረም። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የሚለምን ነበር፤ በቃልና ቃላቸው መካከል ብረቱ ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ሣህሉም በጥምቀት ሰሞን፣ በዚያ ደረቅ በጋ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ጠፈጠፍ ከየት እንደመጣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ። ሊነሳ ክንዱን ሲያስደግፍ ዳሩ በመጋዝ የተቆረጠው ጣውላ ተንቋቋ፤ ቀና ብሎ ሲያይም ሽማግሌው በትራቸውን ከጣውላው ጫፍ ሥር ሰክተው፣ ቄስ ለሙት ሲጸልይ በሚጠራው በክርስትና ስሙ «ወልደ ሰንበት ነው» እያሉ ከታች ላሉት ይነግሯቸው ነበር፤ ቀጥለውም ያን ጊዜ ትኩሳቱ የበላበትን ቃል፣ ዕዳውን እንደጨረሰ ሰው በረጅሙ ተንፍሰው፣ «እሺ» አሉ፤ «ሲድን ብያችሁ ነበር፤ አሁን ድኗል፤ ዛሬ አወርድላችኋለሁ።»