የሰኔው ብርድ ልብስ

ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ሲገባ ሰው አልጋውን ተሸክሞ ከቤት ይወጣል። ባለቤት ከተከራይ ሳይል ግቢው ላይ ውሃ ይረጭና የጠፍር አልጋውን ይዘረጋል፤ ከዚያ ወዲያ የማን ባል እንደሚያንኮራፋ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ገንደ ቆሬ የነበረው የሰማታር ግቢም እንዲሁ ነበር። ሰማታር በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል፣ ወሬ የማይሆንለት ሰው ነው። ሚስቱ ፋዱማ ግን የእሱንም ድርሻ ታወራለት ነበር። ሳቋማ ከግቢው ተነስቶ አስፋልት ይሻገር ነበር። ያ ሳቅ የት ገባ? ማንስ ወሰደው?

መጀመሪያ የወሰደው ሙቀት ነው። በጦርነቱ ዓመት የበኩር ልጃቸው ሙመድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ኦጋዴን ወረደ። መኪናዋ አሸዋ ላይ ተበላሽታ ቆመች። ጭነቷ ጥይት ነበር፤ ጥይት ደግሞ አይጠጣም… ሙመድን የገደለው የውሃ ጥም ነው። መርዶ ያመጡት ሰዎች «ልጅሽ እንደ ጀግና ነው የሞተው» ሲሏት ፋዱማ ቀና ብላ፣ «ጀግና ይጠማዋል እንዴ?» አለቻቸው።

ወንድ ልጅ ብሎ የቀረላት አብዲራህማን ብቻ ሆነ። እሱም በትምህርቱ ጎበዝ ነበርና ሶቭየት ኅብረት ሄዶ እንዲማር ተመረጠ። ቀበሌው በጭብጨባ ሸኘው። ሊቀመንበሩ ስለ ሶሻሊስት አገሮች የወዳጅነት ሙቀት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ አገሩ ብርድ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ስለ ብርዱ መናገር የዓዋሌ ሥራ ነበር። ዓዋሌ የሰማታር የአጎት ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ድስት እያጠበ ዓለምን ዞሯል፤ ቢያንስ መዞሩን ይናገራል። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይመጣና አገሮችን ይደረድራል።

«ባስራ ላይ ሙቀቱ የመርከብ ቀለም ያቀልጣል። ድሬ እሱ ፊት ጥላ ናት! ሩሲያ ደግሞ… ወላሂ፣ እንትፍ ስትል ምራቅህ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆናል። ጆሮህን ካሸህ እጅህ ላይ ይቀራል።»

«አቦ ተወን!» አለ ሰማታር።

«በዓይኔ ነው ያየሁት! ጆሮ የሌለው ሰው ሻይ ጋብዞኛል።»

«ታዲያ ስታመሰግነው በምኑ ሰማህ?» አለ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ የምትቀዳው ፋዱማ ግን አልሳቀችም። እጇ ላይ የፈሰሰው ሻይ ማቃጠሉንም አላወቀችም።

ጥቂት ቆይቶ ከአብዲራህማን ፎቶግራፍ መጣ። በረዶ መሐል ቆሞ ይስቃል፤ ጆሮዎቹ ተገልጠዋል። ፋዱማ በሁለት ጣቶቿ ሸፈነችለት። ምስኪን እናት! በዚያው ቀን ለአላህ ስለት፣ ነዝር፣ ገባች፦ ልጇ ከብርድ እስኪወጣ ድረስ ነፋስ ለእሷ ሐራም ይሁን፣ እሷ የተሸከመችውን ሙቀት አላህ ለልጇ ያድርስላት። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄዳ ወፍራም ብርድ ልብስ መረጠች።

«አዴ ፋዱማ፣ ሐረር ልትወጪ ነው?» አለ ነጋዴው።

«እዚሁ ነኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«ሩሲያ ድረስ ልትልኪለት?»

«እኔ እለብስለታለሁ።»

ነጋዴው ለወራት ይህን እያወራ ሳቀ።

እስከ መጋቢት ድረስ እሱም ሳቀ፣ እሷም ቻለችው። ግንቦት ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ግቢ ሲወጣ ፋዱማ ከቆርቆሮው ሥር፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቀረች። ሴት ልጇ ሳሕራ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። ሼሁ መጥተው እንዲህ ያለ ነዝር በኪታብ እንደሌለ ነገሯት፤ ፋዱማም በትሕትና፣ «እርስዎ ሩሲያ ልጅ የለዎትም» አለቻቸው።

ሳሕራ እንደ አጎቷ የምታየውን ዓዋሌን ይዛ ጠየቀችው። «አዴር፣ ይህ ብርድ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«የሩሲያ ብርድ? አገሩ እኮ ነው ልጄ፣ የት ይሄዳል?»

ዓዋሌ ከሩሲያ ያየው አንድ ወደብ ነበር፤ እሱንም ያየው በበረዶው ወራት ነው። ሰሚዎቹም ቢሆኑ የሚያውቁት ድሬንና ሐረርን ነው፦ አንዷ ታች ሆና ስትሞቅ፣ ሌላዋ ላይ ሆና ስትበርድ ኖራለች። አገር ጠባዩን ይለውጣል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ምሽት ሰማታር ቤቱን ቆልፎ ሚስቱን ውጭ አስቀራት። ፋዱማ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አንዱን ሙቀት በላብኝ… ይኼኛውን ለብርድ አሳልፈህ ልትሰጥብኝ ነው?» ሰማታር ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ባይከፍትላት ኖሮ! ግን ሆዱ እንዴት ይቻለው?

በሰኔ፣ ፀሐይዋ የባቡሩን ሐዲድ እንደ ምላስ ባጠመመችበት ቀን፣ ሰማታርን ከሥራ ጠሩት። ሲደርስ የፋዱማ ሰውነት እንደ ጋለ ብረት ይፋጃል፤ ላብ ግን አንዲት ጠብታ የለባትም። ብርድ ልብሱን ሊገፍፍላት ሲታገል በሁለት እጇ ያዘችበት። ሳሕራ ውሃ በባልዲ ይዛ ሮጠች።

«አታፍሱብኝ…» አለች ፋዱማ፣ «ልጄን ታበርዱብኛላችሁ።»

አፈሰሱባት፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ትንሽ ቆይታ ፊቷ ፈካ፤ ያ የጠፋ ሳቅ በከንፈሯ ጫፍ ብቅ አለ። «አሁን ሞቀው…» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ባዕድ አገር ላለ ልጅ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። አብዲራህማን በጻፈ ቁጥር ሳሕራ እንባዋ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ፊቷን ወደ ጎን አዙራ «እማ ሰላም ትልሃለች» እያለች መለሰችለት። ዓመታት በዚህ ሰላምታ አለፉ።

ተምሮ ሲመለስ ለእናቱ ቬንትሌተር ተሸክሞ ነበር። ባቡር ጣቢያው ላይ ከተሰለፈው ዘመድ መሐል ዓይኖቹ ፈለጓት… ፈለጓት… ከዚያ ሳሕራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ዕቃው ከእጁ ወደቀ። የሴቶቹ ዋይታ የባቡሩን ጡሩምባ ዋጠው።

ቤት ገብተው ሲረጋጋ፣ «መቼ ነው?» አለ።

«በሄድክበት ዓመት፣ በሰኔ» አለ ሰማታር።

አብዲራህማን ራሱን በጡጫ መታ። «እናቴ አፈር ስትገባ እኔ ወንዝ ውስጥ ስዋኝ ነበር!»

«የምን ወንዝ? በዚያ ብርድ?»

«ብርድ በሰኔ ከየት ይመጣል አባ? በረዶውማ ሚያዝያ ላይ ሟሟ። በሰኔ ሙቀት ነው፤ ሸሚዝ እንኳ አንለብስም ነበር።»

ሁሉም ወደ ዓዋሌ ዞረ። በዚያ ሁሉ ባሕር የተዘዋወረው ሰው የሚገባበት ጥግ አጣ። ሳሕራ አፏን ስትከፍት ሰማታር ክንዷን ያዘ።

«አባ፣ በምንድን ነው የሞተችው?»

ሰማታር በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። «በወባ» አለ።

«መድኃኒት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር ልጄ… ሳይደርሰን ነው።»

ዕድል ሰው ለማጥፋት ሁልጊዜ ጦርና ረሃብ አይልክም። አንዳንዴ ሻይ እየጠጣ የሚያወራ ዘመድና አብዝታ የምትወድ እናት ይበቁታል። ዓዋሌ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፀሐይዋም የወጣችው በልማዷ ነበር። ታዲያ ሰማታር ማንን ይክሰስ? ልጁ እቅፉ ውስጥ ያለቅሳል። እሱ ግን የልጁን ሁለት ጆሮዎች በሻካራ መዳፎቹ ይዞ፣ ደህና መሆናቸውን ለማረጋገጥ ደጋግሞ ይዳብስ ነበር።