መግደርደር የማያውቅ ሰው

ታራኔ የካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ከገባች ገና ሳምንቷ ነበር። ከኢራን፣ ከሺራዝ የመጣችው በዩኒቨርሲቲው ፋርስኛ ልታስተምር ነው። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ተማሪዎቿን አስከትላ ክፍሏ በር ላይ ስትደርስ፣ ጫማው ጭቃ የያዘ ረጅም መምህር የራሱን ተማሪዎች ይዞ ከወዲያ በኩል መጣ። ክፍሉ በስህተት ለሁለቱም ተሰጥቷል።

«እርስዎ ይግቡ፤ እኛ ሌላ እንፈልጋለን» አላት።

«ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለና ገባ። ተማሪዎቹም ተከተሉት። በሩ ተዘጋ።

ታራኔ ኮሪደሩ ላይ ተገትራ ቀረች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ያን ዕለት ተማሪዎቿን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ ያዘጋጀችውን ትታ፣ ሰው ሲጋብዝ እንዴት እምቢ እንደሚባል አስተማረቻቸው። ሲስቁ ዋሉ።

በማግስቱ ሰውየውን ካፍቴሪያ ውስጥ አገኘችው። ዋረን ፍሪዘን ይባላል፤ የሚያስተምረው ስለ አፈር ነው።

«ትናንት ክፍሌን ወሰዱብኝ» አለችው።

«ይቅደሙ ብለውኝ?»

«ለወጉ ነዋ። ‹አይሆንም፣ እርስዎ› ማለት ነበረብዎት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ ‹በሞቴ› እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትተውልኝ ይሄዳሉ።»

ዋረን ሹካውን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አያት። «አሁን ምሳ ብጋብዝዎትና እምቢ ቢሉኝ፣ የእውነት እምቢ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ይሞክሩኛ» አለች።

ሞከረ። በሞከረ ቁጥርም ‹እርስዎ› እየቀረ ‹አንቺ› መጣ። ብርዱ ሲጠናና የከተማው ወንዝ በረዶ ሲሆን በበረዶ ላይ አረማመድ ያስተማራት እሱ ነው።

«እንደ ዳክዬ ሂጂ። እግርሽን አታንሺ።»

«የሺራዝ ልጅ እንደ ዳክዬ አትሄድም።»

«እንግዲያው እንደ ሺራዝ ልጅ ትወድቂያለሽ።»

ወደቀች። ይዛው ወደቀች። ወንዙ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ ሆኖ፣ ማንም ቀድሞ ሳይነሳ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ጓንቷን አውልቃ እጇን እሱ ኪስ ውስጥ መክተት ልማዷ ሆነ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከቶሮንቶ ተደወለላት። አንድ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሥራ ሰጣት። የዊኒፔጉ ኮንትራት የአንድ ዓመት ብቻ ስለነበር እያለቀ ነው። ወንዙ ዳር ቆመው ነገረችው።

ዋረን የሚንሳፈፈውን የበረዶ ስባሪ እያየ፣ «ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «እንኳን ደስ አለሽ።»

አትሂጂ ይለኛል ብላ ጠበቀች። አላለም። ቤቷ እስክትደርስ እንባዋን ይዛ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም አልደወለ፣ እሷም አልደወለች። ዘር ለመዝራት ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የወላጆቹ እርሻ ወርዷል ሲባል ሰማች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን መስተዋት ፊት ቆማ ራሷን ታዘበች። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ማለት ይህ አይደል? የምፈልገውን አውቃለሁ፤ አፍም አለኝ። መኪና ተከራየችና ወደ ደቡብ ነዳች።

እርሻው ስትደርስ ዋረን ትራክተሩን አቁሞ ወረደ። አቧራ ለብሷል። አጠገቡ ምሳ ይዛ የመጣች እናቱ ሄልጋ ቆማለች። ታራኔ ዘወር ይበሉልኝ አላለቻትም።

«የመጣሁት ለመሰናበት አይደለም» አለችው። «ቶሮንቶ መሄድ እፈልጋለሁ። አንተንም እፈልግሃለሁ። ለምን ዝም አልክ?»

ዋረን ባርኔጣውን አወለቀ። «ቅሪ ብልሽ ትቀሪ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልክሽን ያንን ሥራ ታስቢያለሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማ ለዚህ እርሻ ብላ የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣለች። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ ማንንም ሴት እንዲህ ማድረግ አልፈልግም።»

ሄልጋ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አኖረች።

«ነርስ አለመሆኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል» አለች። «አባትህን በማግባቴ ግን አንድ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሁለቱን አንድ ያደረግካቸው አንተ ነህ። ደግሞ ልጅቷ ልቅር አላለችህም። እፈልግሃለሁ ነው ያለችህ፤ አልሰማህም?»

ዋረን ታራኔን አያት። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ?» አለች ታራኔ።

«ቶሮንቶ አፈር አለ?»

«አፈር የሌለበት አገር አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና አቀፋት። አቧራው ሁሉ ነጭ ሸሚዟ ላይ ቀረ። ሄልጋ ምሳውን ለሦስት መክፈል ጀመረች።

በነሐሴ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ምሥራቅ ተነሡ። የምትነዳው ታራኔ ነበረች። ሜዳው አልቆ ጥድና ድንጋይ ሲጀምር ዋረን ወደ ኋላ እየዞረ ማየት አበዛ። ከዚያ ሜዳ ውጭ ኖሮ አያውቅም።

«ምነው?» አለችው።

«እዚያ መንገዱን አላውቅ፣ ሰው አላውቅ። የት እንደሚገዛ፣ ለማን ምን እንደሚባል …»

ታራኔ አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ጉልበቱ ላይ አኖረች።

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች። «አንድ አገር ለምጄ ጨርሻለሁ። አንተን አንድ ከተማ ማልመድ አያቅተኝም።»