መጀመሪያ ቀኑ፣ ወሬው በኋላ

በዚህ ዓለም ላይ «ዝርዝሩ ወደፊት ይገለጻል» እንደሚለው ዓረፍተ ነገር የሚያናድደኝ ነገር የለም። ምን ማለት ነው? ዝርዝር ከሌለህ ለምን ትጽፍልኛለህ? ካለህስ ለምን ትደብቀኛለህ?

ሥራዬ ስለሆነ ነው የምናደደው። ሮዌና እባላለሁ። በአሜሪካ፣ በሰሜን ሜይን፣ በድንቹ አገር፣ ለሰባቱ ትንንሽ የኤጲስቆጶሳውያን አብያተ ክርስቲያናት በየሳምንቱ የሚላከውን «ዜናና መርሐ ግብር» የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የት ምእመኑ የሚሰበሰብበት የቦሎቄ እራት እንዳለ፣ ጳጳሱ መቼ እንደሚመጡ፣ የማን ጣሪያ እንዳፈሰሰ፣ ውሻና ድመት የሚባረክበት ቀን፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ቀኑን፣ ቦታውንና ጉዳዩን ያልላከ አይወጣለትም። ሕጉን የሚያከብር የለም። ዜናውንም የሚያነብ የለም። እሁድ እሁድ ግን «ማን ነገረን?» እያሉ የሚቆጡኝ ሞልተዋል።

ከኤመሪ ጋር ያገናኘኝም ይኸው ንዴት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበረዶው ወራት፣ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ከቅዱስ እንድርያስ ነው የምደውለው። የቦሎቄ እራታችንን ለምን አላወጣሽውም?» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ቀን የለውማ! ‹አንዱን ቅዳሜ› ብለህ ነው የላክኸው።»

«ቦሎቄው ሲደርስ ነዋ! እዚህ ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም ካወቀ እኔን ለምን ፈለግኸኝ? ስማ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑ፣ ወሬው በኋላ።»

ሳቀ። በማግስቱ እስከ ጉልበቱ በረዶ ለብሶ፣ ጆሮው በብርድ ቀልቶ፣ ድስት ታቅፎ ቢሮዬ ገባ። ረጅም የድንች ገበሬ ነው። «ቦሎቄው ደርሷል። ቀኑ ዛሬ ነው» አለና ድስቱን ኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጠው። መቆጣት ነበረብኝ። ማንኪያ ፈለግኩ።

የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችና እንድርያሶች ቄስ የምንጋራ ስለሆንን እሁድን አብረን፣ እንድርያስ ነው የምናስቀድሰው። ቅዳሴው መሀል ላይ ቄስ ግዌን «የጌታ ሰላም ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ይሁን» ሲሉ ሁሉም ተነሥቶ አጠገቡ ያለውን ይጨብጣል። ኤመሪ አጠገቤ አይቀመጥም፤ ቤተሰቡ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለው፤ በስተግራ፣ ከኋላ። ግን በየእሁዱ መተላለፊያውን አቋርጦ ይመጣል። «ሰላም ሮዌና» ይላል። «ሰላም ኤመሪ» እላለሁ። እጄን ይይዛል። ሌላው ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ጨብጦ ሲቀመጥ እሱ ገና እኔን እየጨበጠ ነው።

ከዚያ ወደ ቦታው ይመለስና ማስታወቂያ ይጀመራል። ስለ ማሞቂያው ይናገራል፣ ስለ ጣሪያው ይናገራል፣ ወንበር ስለሚሸከም ሰው ይናገራል። ሰውየው የማያስታውቀው ነገር የለም፤ ከአንዲት ነገር በስተቀር።

እወደው ነበር። እንደሚወደኝም አውቅ ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ እንደዚያ እጅ አይዝም። ግን አይናገርም! ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጣሪያ!

መጋቢት ላይ ከደቡብ፣ ከፖርትላንድ፣ ከሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ሥራ ቀረበልኝ። የመላው ሀገረ ስብከት ዜና፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ባሕር የሚያሳይ መስኮት። እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ ስጪን አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ያ ውሃ ውሃ የሚል ቡናችን በሚጠጣበት ምድር ቤት፣ ለኤመሪ ነገርኩት።

«ፖርትላንድ ሥራ አገኘሁ።»

ስኒውን አየ። ውስጡ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

«በቃ?»

«እንዴ፣ ጥሩ አይደለም?»

ስኒውን ቀምቼ ላፈስበት ምንም አልቀረኝም። «ቅሪ» የምትል አንዲት ቃል ነበር የምፈልገው። ቅሪ ቢለኝ ፖርትላንድ ከነባሕሩ ገደል ይግባ። ሳይጠይቀኝ ግን ለማን ብዬ ልቅር? ለጣሪያው?

ሚያዝያ ላይ ተአምር ሆነ። ሁልጊዜ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየተለማመጠ የሚልክ ሰው፣ ሰኞ በጠዋት ላከልኝ። «ሰኔ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ። ቅዱስ እንድርያስ። ቀኑ ይያዝልን። ዝርዝሩ ወደፊት ይገለጻል።»

ወዲያው ደወልኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀን ነው።»

«የምን ቀን?»

«እሱ... በስልክ አይሆንም።»

«የመንግሥት ምስጢር ነው እንዴ? እራት ነው? ጳጳሱ ሊመጡ ነው?»

«ሮዌና፣ ቀኑን ብቻ ያዥልኝ። ድንቹ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ፣ የድርቆሽ አጨዳ ሳይጀመር፣ እኔ ያለኝ ቅዳሜ እሱ ብቻ ነው።»

ልቤ ወደ ክፉ ሄደ። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ ማስታወቂያው የመጣልኝ ልክ እንደዚህ ነበር፤ ቀን ብቻ። ጳጳሱ መጥተው የመጨረሻውን ቅዳሴ ቀደሱ፣ ሻማው ጠፋ፣ በሩ ተቆለፈ። የእንድርያስ ጣሪያ ያፈሳል፤ ሰዉም እያረጀ ነው። ሊዘጉት ነው አልኩ በልቤ። ኤመሪ የተጠመቀበት ቤት ሊዘጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ እንኳን አይነግረኝም። አዘንኩለት፤ ዝምታው ግን አንጀቴን አሳረረው።

ሊነግረኝ አልሞከረም አልልም፤ እሱን ልመስክርለት። አንድ እሁድ ምድር ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞኝ ሄደ።

«ሮዌና፣ ስለዚያ ቀን...»

«ኤመሪ!» እትዬ ቪዮላ ደረሱ። እትዬ ቪዮላ የእኛን ቤተ ክርስቲያን አበባና አትክልት የሚያስተዳድሩ አዛውንት ናቸው፤ በዚህ ምድር ላይ የሚፈሩት ውርጭን ብቻ ነው። «ጠረጴዛ የሚያነሳልኝ ሰው አጥቼ አንተ እዚህ ታወራለህ?»

ሄዶ አነሳ። ሲመለስ ደግሞ አንዷ በአይብ የተጋገረ ድንቿን ካልቀመስክ ብላ ያዘችው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ብቻውን የሚቆምበት ቦታ የለም።

ሌላ ቀን እኔው ራሴ እርሻው ድረስ ነዳሁ። ዘር ተጀምሯል። ትራክተሩን አቁሞ ወረደ፤ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው።

«ነገሩ እንዲህ ነው...»

«ነገሩን በጽሑፍ ላክልኝ!» አልኩት። መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል ስለመጣሁ ማቆም አልቻልኩም። «ቀን፣ ቦታ፣ ጉዳይ። ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት። አለዚያ ቀኑን ለጠየቀኝ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«በጽሑፍ የሚሆን አይደለም እኮ።»

«እንግዲያው አይወጣም!»

አጎቱ ከማሳው ዳር ዝናብ መጣ እያሉ ይጣራሉ። ትራክተሩ ላይ ወጣ። እኔም እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ከመኪናዬ መሪ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ተመለስኩ።

ያ ረቡዕ በግንቦት መጨረሻ ላይ ዋለ። ጠዋት እትዬ ቪዮላ ደወሉ። የእኛ አዳራሽ ውሃ ገብቶበት ወለሉ ሊቀየር ስለሆነ የችግኝ ሽያጫቸው መሄጃ አጥቷል።

«ሰኔ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ እንድርያስ ግቢ ይሁንልኝ።»

«እትዬ ቪዮላ፣ ቀኑ ተይዟል።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ዝርዝሩ ወደፊት ይገለጻል።» ይህችን ከራሴ አፍ ስሰማት ደሜ ፈላ።

«ሕግሽ ምን ነበር የሚለው ልጄ?»

ሕጌን አወቁት! በሰባት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሕጌን የሚያውቅ ሰው የተገኘው ያን ቀን፣ ለዚያ ጉዳይ ነው።

እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኩ። ኤመሪ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም፤ ትራክተር ላይ ስልክ አይሰማም። ስድስት ሰዓት ሞላ። ቀኑን ለቲማቲም ችግኝ ሰጠሁት። ዜናውንም ላክኩ። ከዚያ ለፖርትላንድ «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጣቴ ግን መላክ አቃተው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እልከዋለሁ ብዬ ተውኩት።

እሁድ ኤመሪ ዘግይቶ ገባ። ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ዜናውን ማንበቡን ፊቱን አይቼ አወቅኩ። ለካ የሚያነብልኝ ሰው እሱ ነው።

ቄስ ግዌን «የጌታ ሰላም ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ይሁን» አሉ። መተላለፊያውን አቋርጦ መጣ። ሰላም አላለኝም፤ እጄን ብቻ ያዘ።

«ቀኔን ለችግኝ ሰጠሽብኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዝርዝር አልላክህማ!»

«አንቺን ሳልጠይቅ ምኑን ልላክ?»

«ቤተ ክርስቲያናችሁ ሲዘጋ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«የምን መዘጋት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ዙሪያችን ያለው ሰው ተጨባብጦ ተቀምጧል። ቆመን የቀረነው እኔና እሱ ነን። ኦርጋን የምትጫወተዋ ሴትዮ እንኳን ዞራ ታየናለች። ቄስ ግዌን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆች፣ ሰላምታው ይህን ያህል አይረዝምም» አሉ።

ኤመሪ እስከ ጆሮው ቀላ። እጄን ግን አልለቀቀም።

«ሠርግ ነው» አለ። «ያንቺና የእኔ። እሺ ካልሽ።»

ደስ ያለኝ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው።

«ታዲያ ለምን አስቀድመህ አልጠየቅኸኝም?»

«‹መጀመሪያ ቀኑ፣ ወሬው በኋላ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ቀን ሳልይዝ ብመጣ ትሰሚኝ ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀን ሳይዝ ቢመጣ ኖሮ መልሼ እንደምሰደው እኔም አውቃለሁ።

«ፖርትላንድስ?» አልኩት። «ጥሩ ሥራ ነው ብለኸኝ የለም?»

«ጥሩ ሥራ ነዋ። ቅሪ ብዬሽ ብትቀሪና በኋላ ቢቆጭሽስ ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን ከዚያ ይልቅ መሄድሽን ነው የምፈራው።» ትንፋሹን ሳበ። «ቅሪ፣ ሮዌና።»

ያቺው ናት ቃሏ። ስንት ወር የጠበቅኳት። እንባዬ መጣ፤ እልኬ ግን ገና አልበረደም።

«ረቡዕ ስድስት ሰዓት እኮ አልፏል» አልኩት።

ፊቱ ክው አለ። እጁ ሲላላ ተሰማኝ፤ አጥብቄ ያዝኩት።

«ለዚህ ለአንዱ ብቻ ሕጉን እጥሳለሁ» አልኩ። «እሺ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ተደበላለቀ። ቄስ ግዌን «እንግዲህ ሌላ ማስታወቂያ ያለው...» ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። መቼ ተዋወቃችሁ፣ እንዴት ሆነ፣ ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው የለም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ሠርተን እንምጣ?»

ከቅዳሴ በኋላ ለፖርትላንድ የጻፍኩትን አጠፋሁና እንደማልመጣ፣ አመስግኜ፣ ጻፍኩላቸው። ከዚያ እትዬ ቪዮላ ጋ ሄድኩ።

«ቀኑን ይመልሱልን። የሰኔን ሌላ ቅዳሜ ሁሉ ራሴው ሞልቼዋለሁ።»

«ያ ሁሉ ቲማቲም ጣሳ ውስጥ ታፍኖ ይሙትልሽ? እናንተ ሁለት ዓመት ስትተያዩ ከርማችኋል፤ ችግኝ ግን እንደዚያ አይችልም። ከፈለጋችሁ መሀል ላይ ተጋቡ።»

ለምኜ ለምኜ አቃተኝ። በዜናው ላይ እንዲህ ብዬ አወጣሁ፤ «ቅዳሜ፣ ቅዱስ እንድርያስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የችግኝ ሽያጭ። አምስት ሰዓት ላይ ሠርግ። ከዚያ ሽያጩ ይቀጥላል።» እንደ ወትሮው ያነበበው የለም። ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ቲማቲም ሊገዛ የመጣው ሰው እኔን በነጭ ቀሚስ ሲያየኝ «ማን ነገረን?» ብሎ ተቆጣ። ችግኙን እንደታቀፈ ግን ገብቶ ተቀመጠ። አግዳሚው ሁሉ የቲማቲም ቅጠል ቅጠል ሸተተ።

ቄስ ግዌን ባረኩንና «የጌታ ሰላም ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ይሁን» አሉ። በሠርግ ቀን ሰላምታውን የሚጀምሩት ሙሽሮቹ ናቸው፤ ይሳሳማሉ። ኤመሪ ግን ልማድ ሆኖበት እጁን ዘረጋልኝ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ጨበጥኩት።

«ሰላም ሮዌና» አለኝ።

«ሰላም ኤመሪ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ቪዮላ ከበሩ ላይ «ሳማት እንጂ! ችግኜ ፀሐይ እየመታው ነው!» ብለው ጮኹ።

ሳመኝ። ከዚያ ሁሉም ተጨባብጦ ጨረሰና ተቀመጠ። እኛ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆመን ቀረን፤ ያን ቀን ረዘመ ያለን የለም።