አውቶቡሱ የማይቆምበት መንደር

«እዚህ ጋ አንቆምም» አለች ሳቂታ፤ መዳፏን በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ አሳርፋ።

ካርታው በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ጠርዙ እንዳይጠቀለል አራት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት ተጭነውታል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ደሴቲቱን በአውቶቡስ ሊዞሩ ነው። የት የት እንደሚቆሙና በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ የማቀዱን ሥራ የጂኦግራፊ መምህሩ ለቀጮ ሰጥቷታል። ቀጮ የሚሏት ከሲታ ስለሆነች ነው፤ ስሙ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተጣብቆባት ቀርቷል። ሳቂታ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት።

ቀጮ ግራ ገባት። የሰሜኑን መንደር ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል እጁን አውጥቶ መርጦታል። ባሕሩ እዚያ እንደ ኩሬ የረጋ ነው፤ ወለላቸው መስታወት የሆነ ጀልባዎችም አሉ፤ እግር ሥር ዓሣ ሲርመሰመስ ይታያል ይባላል።

«ምን አለው ብለሽ ነው?» አለች ሳቂታ። «የዓሣ ሽታ ብቻ። ይደብራል።»

ስለ ባሕር ጉዳይ ሳቂታን የሚከራከር የለም። አባቷን ቀጮ አይታው አታውቅም፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከየወደቡ እየደወለ የሚነግራትን ስታወራ የእረፍት ሰዓት ማለቁ አይታወቅም። መርከቡ ማዕበል መትቶት ሦስት ቀን ድምፁ የጠፋ ጊዜ ቀጮ አብራት አልቅሳለች።

ቀጮ መንደሩን አልሰረዘችውም። በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋበት ካርታውን ጠቀለለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቷ ጋር ወጣች። አጎቷ በባሕሩ ዳር መንገድ ደሴቲቱን የሚዞረው የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕቅዷን ሲያይ ሳቀባትና ካርታ ላይ ያለ መንገድ ጉድጓድ እንደሌለው፣ እውነተኛውን ሰዓት ከፈለገች መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ መቁጠር እንዳለባት ነገራት። እሷም ከኋላው ተቀምጣ ቆጠረች። የሙዝ እርሻው ጋ አንድ ትራክተር ዘጠኝ ደቂቃ አስቆማቸው። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የእግር መንገድ ጭቃ ስለሆነ ለሠላሳ ስምንት ልጅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሁሉንም ጻፈች።

ሰሜኑ መንደር ሲደርሱ አጎቷ ጎማ ሊያይ ወረደ፤ እሷም ጀልባዎቹ ስንት ሰው እንደሚይዙ ልትጠይቅ ወደ ባሕሩ ሄደች። አንድ ሰውዬ የተገለበጠ ጀልባ ሥር ገብቶ የጀልባውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ጠራችውና ወጣ። ፊቱ በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። ለክፍል ጉብኝት እንደሆነ ነግራ ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል ስትለው፣ «እንዳንቺ ዓይነት ከሆነ ሃያ፣ እንደኔ ዓይነት ከሆነ አሥራ ሁለት» አለና ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ሳቀበት። ሲስቅ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ይታያል፤ በግራ ጉንጩ ብቻ ጎድጎድ ይላል።

ቀጮ ቀጥ ብላ ቀረች። ይህን ሳቅ በየቀኑ ከአጠገቧ ትሰማዋለች።

ሰውዬውም የለበሰችውን የስፖርት ቲሸርት፣ ደረቷ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ምልክት አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቃት። ነገረችው።

«እዚያ ልጅ አለችኝ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃታለሁ። አብረን ነው የምንቀመጠው።»

ብዙ አልጠየቃትም። ቁመቷ ጨምሮ እንደሆነ፣ ሒሳብ አሁንም ያስቸግራት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ሲደውልላት እንደማታነሳ፣ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የራሱ እንደሆነ ነገራት። ይህን ሲል አንድ ትንሽ ልጅ ባሕሩ ዳር ካለች ቤት ሮጦ ወጥቶ «አባቢ» እያለ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ሰውዬው የልጁን ራስ እየዳበሰ፣ ክፍሉ ለጉብኝት ሲመጣ ሳቂታ አብራ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀ። ቀጮ አላውቅም አለች። እውነቷን ነበር።

እሁድን በንዴት አሳለፈችው። መርከብ የለም፤ ወደብ የለም፤ ያ ሁሉ እንባ ለምን ነበር? ለሁለት ዓመት የተሞኘችው እሷ ናት። ማታ ላይ ንዴቷ እየበረደ ሲመጣ ግን ሰውዬው ከሳቂታ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ መሆኑ ታሰባት። ከመርከብ የሚመጣ ሰው ይናፈቃል። በአውቶቡስ መምጣት እየቻለ የቀረን ሰው ግን ለጓደኛ እንዴት ብለው ያወሩታል?

ሰኞ ጠዋት ሳቂታን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወሰደቻትና ያየችውን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ሳቂታ አልሳቀችም።

«ለማን አወራሽ?»

«ለማንም።»

ሳቂታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አባቷ ከቤት የወጣ ሳምንት አንድ ልጅ አባትሽ የት ሄደ ቢላት መርከብ ላይ ነው እንዳለች፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ያሰበችው ውሸት እንደሆነ ተናገረች። «ከዚያ መርከቡን ወደብ ማስገባት አቃተኝ» አለች። ቀጥሎ የትንሹን ልጅ ዕድሜ ጠየቀች።

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

ሳቂታ በጣቶቿ ቆጠረች። አባቷ ከቤት የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቀጮም ነገሩ የገባት ያኔ ነው፤ አፏን በቆረጠው ብላ ተመኘች።

ሳቂታ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና ሐሳቧን ነገረቻት። በክፍሉ ሁሉ ፊት አባቷን ከማግኘት ይልቅ የጉዞው ዕለት አሞኛል ብላ መቅረት ትመርጣለች። ወይም ደግሞ ቀጮ መንገዱ ተበላሽቷል ትበልላት፤ የሹፌር ዘመድ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም።

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቀጮ ማቆሚያዎቹን በሰሌዳው ላይ ጻፈች። የሙዝ እርሻው፣ ፏፏቴው፣ ዋሻው፣ በምዕራብ በኩል አንድ ሰዓት ተኩል ዋና። ሰሜኑ መንደር አልነበረበትም። ክፍሉ ተንጫጫ። የክፍል አለቃው ተነስቶ የመስታወት ጀልባዎቹ የት ገቡ አላት። የመንገዱ ወሬ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ያምናታል። ወደ ሳቂታ አየች። ሳቂታ አንገቷን ደፍታለች። አንድ ውሸት ስንት ዓመት እንደሚያስጉዝ ቀጮ ጠዋት አይታለች።

«መንገዱ ደህና ነው» አለች። «ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን አልናገርም። ካልተስማማችሁ ሌላ ሰው ያቅደው።»

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «አቦ አታካብጂ» አለ። መምህሩ ሌላ የሚያቅድ ካለ እጁን ያውጣ አለ። ማጉረምረሙን እንጂ ሥራውን የፈለገ አልነበረም። ዕቅዱ ጸደቀ። ከክፍል ሲወጡ ግን በወትሮው አጠገቧ የሚሄዱት ልጆች ቀድመዋት ሄዱ። ሆድ ባሳት፤ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ ብቻዋን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ ሳቂታ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላመሰገነቻትም። ጫማዋን ጫማዋን እያየች፣ የሕዝቡ አውቶቡስ ሰሜኑ መንደር ሲደርስ የሚያቆመው ባሕሩ አጠገብ እንደሆነ ጠየቀች። ቀጮ ከማቆሚያው ጀልባዎቹ እንደሚታዩ ነገረቻት።

«ቅዳሜ ብሄድ...» አለች ሳቂታ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ግን እዚያ ስደርስ ላልወርድ እችላለሁ።»

«ካልወረድሽ ተቀምጠን እንመለሳለን» አለች ቀጮ። «መንገዱ እንደሆነ ክብ ነው።»

ሳቂታ ባሕሩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ፈለገች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለች።