ለሁለት የነደፍኩት ትምህርት

«የሌለ ትምህርት የምትማሪው አንቺ ነሽ?»

ተስፋው መጀመሪያ ያናገረኝ እንዲህ ብሎ ነው፤ ሰቆጣ፣ ኮሌጃችን በር ላይ። ተናደድኩ! ግን እውነቱን ነበር። ቋንቋንና የእናቶችን ጤና አዋህጄ የራሴን የትምህርት ዘርፍ ነድፌያለሁ። ኮሌጁም «ገጠር ወርደሽ አጥንተሽ አሳዪን፤ ካመንበት ይጸድቅልሻል» ብሎኛል። ምጥ የያዛት እናት ሕመሟን በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ስትናገር ነርሷ ካልገባት ምን ይውጣታል? ጥያቄዬ ይህ ነበር። እኔ ግን የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ኽምጥኛ አንዲት ቃል አላውቅም።

«እኔ ላስተርጉምልሽ» አለኝ። የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ዲያቆን።

ሰቆጣ ዙሪያን በእግራችን አዳረስነው። እናቶቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። እሱ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲነግራቸው ግን ፊታቸው ይፈታል፤ ይስሙኛል፤ ይመርቁኛል። እኔም ወደድኩት... አልነገርኩትም እንጂ።

የገና በዓል ሲቃረብ አንዲት አማርኛ የምትሞካክር እናት እጄን ይዛ «ሠርጋችሁ መቼ ነው?» አለችኝ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

«ምን ብለሃቸው ነው?»

«እጮኛዬ ናት ብዬ... ሳንተጫጭ አብረን ብንዞር ነውር ነው፤ ስለ ምጥ ማን ያወራልናል?»

«ለሥራው ብለህ ነዋ!»

አንገቱን ደፋ። ለሥራው አይደለም እንዲለኝ ነበር የጠበቅኩት፤ አላለኝም። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳሁም።

ጥር ሲያልቅ አልቻልኩም። እወድሃለሁ ልለው ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኘሁት።

«ሰርክአዲስ... አገባሁ እኮ» አለኝ።

ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልም፤ አባቱ ደግሞ ቸኩለዋል።

«ስልኬን አላነሳ ስትዪ የጠላሽኝ መሰለኝ። አባቴ የመረጡልኝን እሺ አልኩ...»

በቁርባን ነው የተጋቡት። የቁርባን ጋብቻ አይፈታም።

«ጥናትሽስ?» አለኝ እንባ አቅርሮ።

«ማን ያስተረጉምልኛል?»

«ባለቤቴ አልጣሽ... አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው። ልላክልሽ?»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

አልጣሽ በማግስቱ ማልዳ መጣች። ደግ ልጅ ናት፤ ቦርሳዬን ሳይቀር ተሸከመችልኝ። ሴት ለሴት ሲሆን እናቶቹ ለተስፋው አፍረው ያልነገሩትን ሁሉ አወጡት። የኮሌጁ መምህራን ጥናቴን ሰምተው አጨበጨቡ፤ ትምህርቱም ጸደቀልኝ።

ከእሱ ጋር ከሠራሁት ከሚስቱ ጋር የሠራሁት በለጠ። መቀበል ያልቻልኩት ይህን ነው።